ለአውሮፓ ኅብረት የልማት ግራንት ማመልከት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢትዮጵያ የተመዘገቡ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ጥሪ፣ ማለትም ፕሮፖዛል አቅርቡ የሚል ማስታወቂያ፣ በወጣ ቁጥር የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ እዚህ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኞቹ ጥሪዎች የሚሠራባቸው ሲሆኑ፣ የያዛችሁት ጥሪ መመሪያ የተለየ ነገር ካስቀመጠ የሚገዛው መመሪያው ነው።

ማመልከት የሚችለው ማን ነው?

ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ለትርፍ ያልተቋቋመና ጥሪው በሚጠቅሳቸው አገሮች የተመዘገበ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ማለት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የምዝገባ ምስክር ወረቀት መያዝ ነው። ድሮ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ከውጭ ምንጭ ማግኘት የሚችለው ከገቢው 10 በመቶ ብቻ ስለነበር ብዙዎች ከጨዋታ ውጭ ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ገደብ አንስቶታል። ዛሬም «እኛ አገር በቀል ነን፣ የውጭ ገንዘብ አይፈቀድልንም» የሚል የቦርድ አባል አይጠፋምና አዋጁን አሳዩት።

ምስክር ወረቀት መኖሩ ግን በቂ አይደለም። መመሪያው «ብቁ አመልካች» በሚለው ክፍል የተወሰነ ዓመት ልምድ ወይም በተወሰነ ክልል መሥራትን ሊጠይቅ ይችላል። ከዝርዝሩ አንዱን ካላሟላችሁ ፕሮፖዛሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይወድቃል።

ጥሪዎቹ የሚወጡት የት ነው?

በኅብረቱ የፈንዲንግና ቴንደርስ ፖርታል ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኅብረቱ ልዑክ የሚመራቸው ጥሪዎችም እዚያው ይወጣሉ። በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ማስታወቂያ እንደ ጥቆማ ብቻ ውሰዱት። መመሪያው፣ የማመልከቻ ቅጹ፣ የባጀት ቅጹና የሎግፍሬም (የፕሮጀክቱን ዓላማ፣ ውጤትና መለኪያ የሚያሳየው) ሠንጠረዡ ከፖርታሉ መውረድ አለባቸው፤ ካለፈው ዓመት ጥሪ የተረፈ ቅጽ ላይ መሥራት እስካሁን ድርጅቶችን ያስወጣል።

አብዛኞቹ ጥሪዎች ሁለት ደረጃ አላቸው። መጀመሪያ ኮንሰፕት ኖት (የፕሮጀክቱ ሐሳብ አጭር መግለጫ) ይገባል፤ ያለፈው ብቻ ሙሉ ፕሮፖዛል እንዲያቀርብ ይጋበዛል። ያልገባችሁን ነገር በጽሑፍ መጠየቅ የምትችሉት ማስገቢያው ከማለቁ 21 ቀን በፊት ነው፤ መልሱ እስከ 11 ቀን ድረስ ቀድሞ ለሁሉም አመልካች በይፋ ይወጣል። ስልክ ደውሎ የልዑኩን ሠራተኛ «ይህ ሐሳብ ያዋጣል ወይ?» ማለት ዋጋ የለውም፤ እንዲመልሱ አይፈቀድላቸውም።

ትንሽ ድርጅት ነን። በዓመት የምናንቀሳቅሰው ጥቂት ሚሊዮን ብር ነው። እንሞክር?

መሪ አመልካች ሆናችሁ አይደለም። ገምጋሚው በሙሉ ፕሮፖዛል ላይ ከ100 ነጥብ 20ውን የሚሰጠው ለፋይናንስና ለሥራ አቅም ነው፤ ከ20ው ከ12 በታች ያገኘ የቀረው ሁሉ ቢደላም ውድቅ ነው። በዓመት 3 ሚሊዮን ብር ያስተዳደረ ድርጅት የግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ፕሮጀክት እመራለሁ ሲል ያ ነጥብ ከየትም አይመጣም።

ሁለት የተሻሉ በሮች አሉ። አንደኛው ተባባሪ አመልካች መሆን ነው። ተባባሪ አመልካች የራሱ የባጀት ድርሻ አለው፤ ወጪውም እንደ መሪው ወጪ ይቆጠርለታል፤ በገንዘቡ ጉዳይ ለኅብረቱ ፊት ለፊት የሚቆመው ግን መሪው ነው። ሁለተኛው ለሦስተኛ ወገን የሚሰጥ ድጋፍ ነው፦ አንድ ትልቅ ድርጅት ግራንቱን ወስዶ ለትናንሽ ድርጅቶች በራሱ ጥሪ ያከፋፍላል፤ ለአንድ ተቀባይ ጣሪያው ብዙውን ጊዜ 60,000 ዩሮ ነው። ከዚህ ሌላ ኤምባሲዎች በቀጥታ የሚሰጧቸው ትናንሽ ፈንዶች አሉ። የካናዳ ፈንድ ለአካባቢ ተነሳሽነቶች ጣሪያው 100,000 የካናዳ ዶላር ሲሆን፣ የጃፓን ኤምባሲ የግራስሩትስ ድጋፍ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለውኃ ግንባታ የተመቸ ነው። እነዚህ የሚጽፉላችሁ የኦዲት ታሪክ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልጋችኋል።

ኮንሰፕት ኖቱ ላይ ምን ይጻፍ?

ቅጹ ገጽ ይገድባል፤ የፊደል ዓይነቱንና መጠኑን፣ የህዳጉንም ስፋት ሳይቀር ይወስናል። ከገደቡ ያለፈው ገጽ አይነበብም ብላችሁ ያዙ። የሚሰጠው 50 ነጥብ ነው፦ 20 ለአግባብነት፣ 30 ለንድፍ። ከ30 በታች ያገኘ አይቀጥልም። 30 ማግኘትም ብቻውን አያሳልፍም፤ ያለፉት በነጥብ ተደርድረው የጥሪው ገንዘብ እስከሚፈቅደው ብዛት ነው የሚጋበዙት።

ነጥብ የሚያስጥለው የተለመደ ስህተት ግማሹን ገጽ ስለ አገሪቱ ችግር መጻፍ ነው። የድርቅና የሥራ አጥነት አጠቃላይ ትረካ ገምጋሚው በሰላሳ ፕሮፖዛል ላይ አንብቦታል። እሱ የሚፈልገው በዚህ ወረዳ፣ እነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ምክንያት ይህን አጡ፤ ሌላው ፕሮጀክት ይህን ይሠራል፤ እኛ ያልተነካውን ይህን እንሠራለን የሚል ነው። «የገጠር ሴቶች» ብሎ መጻፍ ነጥብ አያመጣም። «በሦስት ቀበሌ ያሉ፣ መሬት የሌላቸው፣ ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉ 640 ሴቶች፤ ዝርዝሩ ከወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የተወሰደ» ቢሉት ያመጣል። መመሪያው ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ጉዳዮች በቁጥር ይዘረዝራቸዋል፤ የእናንተ ሥራ ለየትኛው ቁጥር እንደሚመልስ በግልጽ ጻፉ፤ ገምጋሚው እንዲፈልግ አታድርጉት።

አንድ ነገር አስቡ፦ እዚህ የጻፋችሁት ሙሉ ፕሮፖዛሉ ላይ አይለወጥም። ከኅብረቱ የጠየቃችሁት ገንዘብ እንኳ ከመጀመሪያው ግምት ከ20 በመቶ በላይ መብለጥም መቀነስም አይችልም። ስለዚህ ባጀቱን «በኋላ እንሠራዋለን» ብሎ የገመተ ድርጅት በኋላ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ይገባል።

ሎግፍሬም ላይ የሚያስቸግረን የውጤት አመልካቹ (ኢንዲኬተሩ) ነው። እንዴት እንምረጥ?

ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ወይም ሁለት አመልካች ይበቃል፤ እያንዳንዱ መነሻ ቁጥር፣ ዒላማና የማረጋገጫ ምንጭ ይኑረው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ይህን ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በምን ባጀት ይሰበስበዋል? መልስ ከሌለ አመልካቹን ሰርዙት። «ግንዛቤያቸው ያደገ ሰዎች ብዛት» የሚለው ያለ መነሻ ጥናት አይለካም፤ መነሻ ጥናቱ ደግሞ ባጀት ውስጥ ካልገባ አይሠራም። «ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች» ደግሞ የሥራ ውጤት ብቻ ነው፤ የለውጥ አመልካች አድርገው ሲያስቀምጡት ገምጋሚው ወዲያው ያየዋል።

ማስገቢያው «12:00» ይላል። የማን ሰዓት ነው?

የብራስልስ ነው፤ ይህችን አንድ መስመር ያላዩ ድርጅቶች የወር ሥራቸውን አጥተዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ብራስልስ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በቀሪው ጊዜ በ2። ስለዚህ የብራስልስ ቀን 12:00 በኛ አቆጣጠር በበጋቸው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ማታ 12 ሰዓት አይደለም።

ሲስተሙ በመጨረሻው ቀን ይጨናነቃል፤ ኢንተርኔትና መብራትም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሁለት ቀን አስቀድሞ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው። የድርጅት ምዝገባ፣ የተባባሪ አመልካቾች የተፈረመ ውክልናና የኦዲት ሪፖርት በአንድ ቀን አይሰበሰቡም። ከ750,000 ዩሮ በላይ ለሚጠየቅ ግራንት የውጭ ኦዲተር ሪፖርት ግዴታ ነው። በአማርኛ ብቻ ያሉ የመተዳደሪያ ደንብና የምዝገባ ሰነዶች ቢያንስ ዋናው ክፍላቸው እንዲተረጎም ጊዜ መድቡ።

ባጀቱ እንዴት ይሰላል?

ሰው ኃይል፣ ጉዞ፣ ዕቃና መሣሪያ፣ የአካባቢ ቢሮ፣ አገልግሎቶችና ሌሎች ተብለው የሚደመሩት ቀጥተኛ ወጪዎች ናቸው። በነሱ ላይ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ቢበዛ 7 በመቶ፣ መጠባበቂያ ቢበዛ 5 በመቶ ይታከላል። ቀጥተኛው ወጪ 400,000 ዩሮ ከሆነ፦ 28,000 ቀጥተኛ ያልሆነ፣ 20,000 መጠባበቂያ፣ ጠቅላላ 448,000። ኅብረቱ 90 በመቶውን የሚሸፍን ከሆነ ድርሻው 403,200 ነው፤ 44,800ው የእናንተ።

መጠባበቂያው ያለ ኅብረቱ የጽሑፍ ፈቃድ አይነካም። 7 በመቶው ደግሞ በደረሰኝ አይጠየቅም፤ በተቀባይነት ባገኘው ቀጥተኛ ወጪ ልክ ይከፈላል። ስለዚህ ዋና መሥሪያ ቤት ያለውን የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ በቀጥተኛ ወጪም በ7 በመቶም ውስጥ መቁጠር ድርብ ጥያቄ ነው፤ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን ነው። በእያንዳንዱ መስመር ጎን የማብራሪያ ሠንጠረዥ አለ። «ዎርክሾፕ፣ 5,000» ብቻ ሳይሆን «40 ተሳታፊ × 2 ቀን × የቀን ወጪ፣ አዳራሽ፣ ትራንስፖርት» ብላችሁ ሙሉት።

የራስ ድርሻውን ከየት እናመጣለን? የማኅበረሰቡ ጉልበትና መሬትስ አይቆጠርም?

በአብዛኞቹ ጥሪዎች የዓይነት መዋጮ እንደ ኮፈንዲንግ (የራስ ድርሻ) አይወሰድም። ወረዳው የሰጠው መሬት፣ ነዋሪው የቆፈረው ቦይ ለፕሮጀክቱ ጠቃሚ ነው፤ በትረካው ጻፉት፤ ከባጀቱ ግን አውጡት። የበጎ ፈቃደኛ ሥራ የሚቆጠረው መመሪያው በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የሚሠራው ጥሬ ገንዘብ ነው፦ የሌላ ዶነር ገንዘብ፣ የአባላት መዋጮ፣ ከገቢ ማስገኛ ሥራ የተገኘ። የሌላው ዶነር ገንዘብ ከኅብረቱ ራሱ የመጣ መሆን የለበትም፤ ሰጪውም ለዚህ ፕሮጀክት እንዲውል መስማማቱን በደብዳቤ ያዙ። ደብዳቤ ሳይኖር «ቃል ገብተውልናል» ተብሎ የተፈረመ ውል መጨረሻው ላይ ራስን ያስከፍላል፤ ድርሻው የሚሰላው በመቶኛ ስለሆነ የእናንተ ካልተገኘ የኅብረቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የአዋጁ 20 በመቶ አስተዳደራዊ ወጪና የኅብረቱ 7 በመቶ አይጋጩም?

አይጋጩም፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። አዋጅ 1113/2011 የድርጅቱን አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የሚታየውም በድርጅቱ ዓመታዊ ሒሳብ ነው። 7 በመቶው የአንድ ግራንት ውል ጉዳይ ነው። በኅብረቱ ባጀት «የአካባቢ ቢሮ» ተብሎ በቀጥተኛ ወጪ የገባ የቢሮ ኪራይ በባለሥልጣኑ ሪፖርት አስተዳደራዊ ተብሎ ሊመደብ ይችላል። የሒሳብ መዝገባችሁ ለአንድ ወጪ ሁለት መለያ ኮድ ይስጠው፤ አለዚያ ሰኔ ላይ ሁለት ሪፖርት ለማስማማት ስትቸገሩ ታመሻላችሁ። በጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነና ውሉ በጥር ከተጀመረ ደግሞ የሪፖርት ዘመኖቹ አይገጥሙም። ጳጉሜን በደመወዝ ሰሌዳና በታይምሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) ላይ እንዴት እንደምትይዙ ከመጀመሪያው ወስኑና በጽሑፍ አስቀምጡት።

ገንዘቡ የሚለቀቀው መቼና እንዴት ነው?

የኅብረቱ የፋይናንስ ሕግ ሙሉ ፕሮፖዛል ከገባበት ማብቂያ ቀን በ6 ወር ውስጥ ውጤት እንዲነገር፣ ከዚያ በ3 ወር ውስጥ ውል እንዲፈረም ያዛል። የኮንሰፕት ኖቱን ጊዜ ስትጨምሩበት ከጥሪ እስከ ክፍያ አንድ ዓመት ማለፉ የተለመደ ነው። ውል ሳይፈረም የወጣ ወጪ አይተካም፤ ስለዚህ «ማለፋችን አይቀርም» ብሎ ሠራተኛ መቅጠር ኪሳራ ነው። በዚያው ጊዜ ከክልሉ ፋይናንስ ቢሮና ከሴክተር ቢሮው ጋር የፕሮጀክት ስምምነቱን ማዘጋጀት ትችላላችሁ፤ ሥራ የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በትልልቅ ግራንቶች የመጀመሪያው ክፍያ የመጀመሪያውን ዓመት የኅብረቱን ድርሻ ይሸፍናል። ቀጣዩን ለማግኘት ከቀደመው ክፍያ ቢያንስ 70 በመቶው ወጥቶ መሆን አለበት፤ ጉድለት ካለ በጉድለቱ ልክ ይቀነሳል። 200,000 ዩሮ ተቀብላችሁ 110,000 ብቻ ካወጣችሁ፣ 70 በመቶው 140,000 ነውና ቀጣዩ ክፍያ በ30,000 ያንሳል። ሁሉም ቅድመ ክፍያ ተደምሮ ከግራንቱ 90 በመቶ አይበልጥም። ከላይ ባለው ምሳሌ የመጨረሻው 40,320 ዩሮ የሚመጣው የመጨረሻው ሪፖርት ከጸደቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሠራተኛና አቅራቢ የምትከፍሉበት ገንዘብ ከሌላችሁ ፕሮጀክቱ መጨረሻ ወራት ላይ ይቆማል። ማመልከቻውን ሲያዘጋጁ ይህን ስሌት የሚሠሩ ድርጅቶች ጥቂት ናቸው።

ባጀቱ በዩሮ፣ ወጪው በብር ነው። ብር ሲወድቅ ምን ይሆናል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ ዩሮውም አብሮ ወጣ። በዩሮ ባጀት የያዙ ፕሮጀክቶች ላይ የታየው እንዲህ ነው፦ በብር የሚከፈለው ደመወዝ በዩሮ ሲቀየር አነሰ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ በብር ጨመረ፤ የወጪ መጠኑም ከዕቅድ በታች ሆነ። የወጣው ካነሰ ደግሞ 70 በመቶውን መሙላት ያዳግታል።

የምንዛሪ ኪሳራ በራሱ ተቀባይነት ያለው ወጪ አይደለም። ውሉ ብርን ወደ ዩሮ የምትቀይሩበትን ዘዴ ይነግራችኋል፤ ከዚያ አትውጡ፤ ባንኩ የሰጠው ተመን ሌላ፣ ሪፖርቱ የሚሠራበት ሌላ ሊሆን ይችላል። ትርፍ የሚመስለውን ዩሮ ሥራ ለማስፋት መጠቀም ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በባጀት ዋና ርዕሶች መካከል ዝውውር ከርዕሱ 25 በመቶ እስካልበለጠ በማሳወቅ ብቻ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የውል ማሻሻያ ይጠይቃል። የተጠቃሚውን ቁጥር ወይም ወረዳውን መቀየር ግን በ25 በመቶው አይሸፈንም።

ውጭ አገር ያለ የዲያስፖራ ማኅበር ምን ሊያደርግ ይችላል?

እንደሚኖርበት አገር ነው። ጀርመን የተመዘገበና ለሕዝብ ጥቅም የሚሠራ መሆኑ በታክስ መሥሪያ ቤት የታወቀ ማኅበር ለአገሪቱ የልማት ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል፤ የሚኒስቴሩን ፕሮግራሞች የሚያስፈጽመው የኢንጌጅመንት ግሎባል የምክር ክፍል የሆነው ቤንጎ ሰነዱን ያያል። ሚኒስቴሩ ከወጪው እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል፣ የቀረው የማኅበሩና የአጋሩ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ሥራውን የሚሠራ የተመዘገበ አጋር ግድ ነው። አሜሪካ ላሉ ማኅበራት መንገዱ ጠቧል፦ እ.ኤ.አ. በጥር 20 ቀን 2025 የውጭ እርዳታ ለግምገማ እንዲቆም ታዘዘ፤ ዩኤስኤይድም ከጁላይ 1 ጀምሮ የውጭ እርዳታ ማስፈጸሙን አቁሞ ሥራው ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ከአንድ ዶነር ብቻ ደመወዝ ይከፍሉ የነበሩ ድርጅቶች በሳምንታት ውስጥ ሠራተኛ በትነዋል።

ወጪያችን በኦዲት ተቀባይነት እንዳያጣ ከምን እንጠንቀቅ?

ከ100,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ግራንት የመጨረሻ ክፍያ ሲጠየቅ የወጪ ማረጋገጫ ሪፖርት ይቀርባል። ኦዲተሩ ናሙና ይወስዳል። በብዛት የሚጣለው በማጭበርበር የወጣ ገንዘብ አይደለም፤ ማስረጃው የጎደለ ነው። ሠራተኛው ለሁለት ፕሮጀክት ሠርቶ ታይምሺት የለውም፣ ወይም ታይምሺቱ በወሩ መጨረሻ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቀን ተሞልቷል። የሥልጠና አበል ዝርዝር ላይ ፊርማ አለ፣ የተሳታፊ ስልክና ቀበሌ የለም። ደረሰኙ የግለሰብ ስም ነው የያዘው፣ የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አልተጻፈበትም። ዋጋ ማቅረቢያ ሦስት አለ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅርጸት የተጻፉ ናቸው።

ግዥን በተመለከተ ከ60,000 ዩሮ በላይ ለሆነ ግዥ በግራንት ውላችሁ የተቀመጠውን የውድድር ሥርዓት መከተል ያስፈልጋል፤ ትልቁን ግዥ ቆራርጦ ከጣሪያው በታች ማድረግ ራሱ ጥሰት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፦ ድርጅታችሁ ማስመለስ የማይችል መሆኑን በደብዳቤ ማሳየት ከቻላችሁና ጥሪው ታክስን ከፈቀደ ይቆጠራል፤ አለዚያ ከራሳችሁ ኪስ ነው። ሰነዶቹን የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ለ5 ዓመት፣ ግራንቱ ከ60,000 ዩሮ ካልበለጠ ለ3 ዓመት አቆዩ። በማሽን የታተመ ደረሰኝ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ በተገዛበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ከዋናው ጋር ስፌት ምቱበት።